ወፍጮው ዝም ያለ ዕለት

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የጀመረው። ጥር ሃያ ነበር። መርሳ ከተማ በምሠራበት ፎቶ ቤት ብቻዬን ተቀምጬ የአንድ ክርስትና ፎቶዎችን አልበም ውስጥ ስደረድር፣ እሑድ ዕለት ልጃቸውን የዳሩ እናት መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። ሳይቀመጡ መንገደኛዋ አርብ ጧት እንደምትሄድ ነገሩኝ።

መንገደኛዋ የጎረቤታቸው ልጅ ናት። ለእረፍት መጥታ ወደ አረብ አገር ልትመለስ ነው። የእሳቸው ትልቋ ልጅ እዚያው ከተማ ሰው ቤት ትሠራለች። ከሄደች ስድስት ዓመት አልፏታል፤ ለእህቷ ሰርግ እንኳ ፈቃድ አላገኘችም። የሰርጉ ፊልም በፍላሽ ተጭኖ በዚች መንገደኛ እጅ ሊላክላት ነበር የታሰበው፤ እንዲህ ያለ ትልቅ ፋይል በእኛ ኢንተርኔት አይሞከርም። እኛ ቀጠሮ የሰጠናቸው ግን ለሚቀጥለው ሳምንት ነበር። መንገደኛዋ ደግሞ መንገዱ ክፍት ነው ሲሏት ጉዞዋን አስቀደመችው፤ ነገ የሚሆነው አይታወቅምና ማንም አልፈረደባትም።

"ይደርሳል አይደል?" አሉኝ።

የሚደርስ አልመሰለኝም። "እሺ" አልኳቸው። ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ ሲጠይቀኝ ቶሎ የሚመጣልኝ ቃል እሺ ነው፤ የማልችለውን እንኳ እሺ ብዬ ተቀብዬ በኋላ ብቻዬን እጨነቅበታለሁ። ወጥተው በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

"የኔን ንግግር ረዘመ ብላችሁ እንዳትቆርጡት።"

ስለ ንግግሩ የሰማሁት ሰርጉን ከቀረጸው ከፎቶ ቤቱ ባለቤት፣ ከጋሼ ነው። ሙሽራዋ ከቤት ከወጣች በኋላ እናትየው ጓዳ ውስጥ የነበረውን ሰው ሁሉ አስወጥተው፣ "ካሜራውን እዚህ አቁመውና ዝም በል" ብለው ለትልቋ ልጃቸው አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ተናገሩ። ጋሼ እየሳቀ ነበር የነገረኝ። እንኳን ለካሜራ ለጎረቤት የማያወሩ ሴት ናቸው ይባላል። ምን እንዳሉ ስጠይቀው እሱ የሚያየው የምስሉን ጥራትና የባትሪውን ምልክት እንጂ ንግግሩን አለመስማቱን ነገረኝ።

ፊልሙን ቆርጬ ቀጥዬ ልጨርስ የቀረኝ ትንሽ ነበር። ያስፈራኝ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ኮምፒውተሩ የተቆራረጠውን ሁሉ አንድ ወጥ ፊልም አድርጎ ለማውጣት አምስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይፈጅበታል። መብራት የሚመጣው ጧት አንድ ሰዓት ገደማ ሆኖ የሚሄደው ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ አንዳንድ ቀን ከዚያም ይቀድማል። መሐል ላይ ከጠፋ ሥራው ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ አንድ ሰርግ ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ቀን ተሞክሮ ነው የሚሳካው። ረቡዕ የማርያም በዓል ስለሆነ ሥራ የለም፤ እኔ የነበረኝ አንድ ጧት፣ የሐሙስ ጧት ብቻ ነበር፤ ለዚያውም ከማለዳው ላይ የምቀንሰው ጊዜ ነበረ፤ የመጨረሻው የካሜራ ካርድ ገና ወደ ኮምፒውተሩ አልተገለበጠም።

የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ማስሮጥን ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንብቤዋለሁ፤ ሌሎች ተማሪዎች ሲሞክሩትም ከኋላ ቆሜ አይቻለሁ። በእጄ ሞክሬው አላውቅም። ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። ፕሮሰሰሩ ፋብሪካ የወሰነለት ፍጥነት አለው፤ አንዳንዱን ግን ፋብሪካው ለባለቤቱ ክፍት ይተውለታል። ኮምፒውተሩ ከመነሳቱ በፊት በሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ ላይ ፍጥነቱን ከፍ ማድረግ ይቻላል። ፍጥነት ሲጨምር ተጨማሪ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ቮልቴጅ ሲበዛ ይግላል፤ ከልክ ካለፈ ሊቃጠል ይችላል። ቮልቴጅ ሲያንስ ደግሞ ይሳሳታል። ስህተቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ኮምፒውተሩን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ሌላው ምንም ምልክት ሳያሳይ አንዷን ቁጥር በሌላ ይተካና ሥራው ይቀጥላል። እኔ ማንበብ ከጀመርኩ ጀምሮ የምፈራው ሁለተኛውን ነው።

ጋሼን አላስፈቀድኩም። የሦስት ቀን ሰርግ ሊቀርጽ ሐራ ከተማ ሄዷል፤ ደውዬ ብነግረው ምን እንደሚለኝ እያሰብኩ ስልኩን ሁለት ጊዜ አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ኮምፒውተሩን ከአዲስ አበባ ሲያመጣው ጭኑ ላይ አቅፎት ነው የመጣው። አቧራውን እንኳ ሌላ ሰው እንዲጠርግለት አይፈልግም።

ረቡዕ አስተርዮ ማርያም ነበረች። ከአክስቴ ጋር ነው የምኖረው፤ ሌሊት አብረን ወጥተን ቅዳሴ አስቀደስን። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መንገድ ላይ ወደ ፎቶ ቤት ልዞር ስል አክስቴ ገባት።

"በማርያም ቀን እንኳ ያንን ሣጥን አትተይውም?" አለችኝ።

አንድ ነገር አይቼ እመለሳለሁ ብዬ ዋሸኋት። የሰርጉን ሥራ አልነካም፣ ኮምፒውተሩን ብቻ ልሞክር ነው፣ ቁልፍ መጫን ማረስ አይደለም እያልኩ ራሴን ስሸነግል ደረስኩ።

ፎቶ ቤቱ ከወፍጮ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። የወፍጮው ባለቤት ሙስሊም ናቸው፤ ነገር ግን በማርያም ቀን እህል ይዞ የሚመጣ ስለሌለ እሳቸውም አብረው ይዘጋሉ። ሞተሩን ግሪስ ይቀቡና በሩ ላይ በርጩማ አውጥተው ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰውን ሰው እንኳን አደረሳችሁ ሲሉ ይውላሉ። ቁልፌን ሳወጣ አዩኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ማርያም የማን ናት? እኔ ዘግቼ አንቺ ትከፍቻለሽ?" አሉኝ።

አፍሬ ሳቅሁና ገባሁ።

አንድ ወረቀት በመስመር ከፋፈልኩ። ፍጥነት፣ ቮልቴጅ፣ ሙቀት፣ ውጤት። ከሦስት ነጥብ ስምንት ጊጋኸርትዝ ተነሳሁ። በአንድ ጊዜ የምጨምረው ዜሮ ነጥብ አንድ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ፕሮሰሰሩን ሆን ብሎ የሚያስጨንቀውን መሞከሪያ ፕሮግራም ለሃያ ደቂቃ አስነሳና ሙቀቱ ሲወጣ አያለሁ። እስከ አራት ነጥብ ሦስት ድረስ ቮልቴጁን ሳልነካ አለፈ። አራት ነጥብ አራት ላይ ስክሪኑ ቀጥ አለ፤ ከዚያ ሰማያዊ ሆነ፤ ከዚያ ጠፋ። ጠረጴዛው ሥር ገብቼ የሣጥኑን ጀርባ አሸተትኩ። የተቃጠለ ነገር አይሸትም። መልሶ እስኪነሳ ድረስ እጄን በእጄ ይዤ ቆምኩ።

ቮልቴጁን ትንሽ ጨመርኩለት፤ አለፈ። አራት ነጥብ አምስት ላይ እንደገና ወደቀ። በአንድ ነጥብ ሃያ ሰባት ቮልት መሞከሪያው ስህተት አገኘ። በአንድ ነጥብ ሠላሳ አለፈ፤ ግን ሙቀቱ ዘጠና ዲግሪ አፋፍ ደረሰ፣ ማራገቢያውም የሚነሳ አውሮፕላን ይመስል ጮኸ። ወዲያው አቆምኩትና መካከሉን ሞከርኩ፤ አንድ ነጥብ ሃያ ስምንት። ሰማንያ አራት ዲግሪ ላይ ረጋ፤ ስህተትም የለም።

እዚህ ላይ ያደረግሁትን በደንብ አስታውሳለሁ። ይህን ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ሁሉ የሚሉት አንድ ነገር አለ፤ የሚያልፈውን ዝቅተኛ ቮልቴጅ ካገኘህ በኋላ ከላዩ ትንሽ ጨምርለት፣ ክፉ ቀን አለና። አንብቤዋለሁ። ሙቀቱን ግን ፈራሁ። ዝቅተኛዋን ቁጥር ይዤ ቀረሁ።

ከዚያ መሞከሪያውን ለሦስት ሰዓት ለቀቅሁት። ያን ቀን መብራት ጨርሶ አልጠፋም፤ ኃይሉም የሚያስደስት ነበር፤ አምፖሉ ቁልጭ ብሎ ይበራል፣ ኮምፒውተሩ የተሰካበት፣ የመብራቱን መውጣት መውረድ የሚያስተካክለው ስታቢላይዘር ቀኑን ሙሉ ድምፅ አላሰማም። በበዓል ቀን ወፍጮውም፣ ብየዳ ቤቱም፣ እንጨት ቤቱም ስለተዘጋ ነው ብዬ ላስብ ይገባኝ ነበር። እኔ ወረቀቴ ላይ "የተረጋጋ" ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሠመርኩ። አጭር ቁራጭ ፊልም አውጥቼ ሳሰላው ሙሉው በአራት ሰዓት ተኩል ያልቃል። ቤት ስገባ ደስታው ፍርሃቱን ትንሽ አስረስቶኝ ነበር።

ሐሙስ ጧት መብራት ሲመጣ ወፍጮውም እኔም አብረን ተነሳን። በበዓሉ ያልተፈጨ እህል ሁሉ ያን ቀን ነው የመጣው፤ ሰልፉ በእኛ በር ፊት አልፏል። ወዲያው ጋሼ ደወለ። ካርድ አልቆበታል፤ ሙሽራዋ የምትወጣው በአምስት ሰዓት ነው፤ እኔ ጋ ያለውን የመጨረሻ ካርድ ቶሎ ገልብጬ በሚኒባስ እንድልክለት አዘዘኝ። የእናትየው ንግግር ያለው በዚያ ካርድ ላይ ነበር።

ካርዱን ሰካሁና መገልበጥ ጀመርኩ። ግድግዳው ወዲያ ወፍጮው ይጮሃል። ስታቢላይዘሩ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ሰማሁት። ዘወትር የምሰማው ድምፅ ስለሆነ ልብ አላልኩትም። አርባ ሦስት ፋይል ገባ፤ መጠናቸውን ካርዱ ላይ ካለው ጋር አስተያየሁ፣ እኩል ነው። የፎቶ ቤታችን ደንብ ካርድ ከመለቀቁ በፊት እያንዳንዱን ፋይል ከፍቶ ማየት ነው። እኔ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ብቻ ከፈትኩ፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። ሚኒባሱ ሞልቶ ሊወጣ ነበር። ካርዱን በወረቀት ጠቅልዬ ለሹፌሩ ሰጠሁት፤ ወልድያ ላይ ለሐራ መኪና ያቀብላል።

የቀረኝን ቆርጬ ቀጥዬ፣ ንግግሩን ግን እንዳለ፣ ሳልቆርጥ ፊልሙ መጨረሻ ላይ አስገባሁትና ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ማውጣት ጀመርኩ።

ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ።

ቀና ብዬ አምፖሉን አየሁ። ወፍጮው እህል ሲገባለት ያጉረመርማል፤ ሲያጉረመርም አምፖሉ ወደ ብርቱካንማ ይደበዝዛል፤ ሲለቀው ይበራል። ይደበዝዛል፣ ይበራል። ስታቢላይዘሩ ከእሱ ጋር ቀጭ ቀጭ ይላል። የወፍጮው ጌታ ትናንት በሩ ላይ እንደ ቀልድ የጠየቁኝ ጥያቄ ያን ጊዜ ገባኝ። መርሳ ሁሉ ዘግቶ በተቀመጠበት ቀን ለክቼ፣ ሁሉ በተነሳበት ቀን ሥራ ላይ አውዬዋለሁ። ወፍጮው ነው ያደረገው ብዬ መማል አልችልም። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ኃይል ማከፋፈያም ርካሽ ነው። ግን ፕሮሰሰሩን የሰቀልኩት ጠርዝ ላይ ነበር፤ ጠርዝ ላይ ለተሰቀለ ነገር ትንሽ ንቅናቄ ይበቃዋል።

ቀጥሎ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። አሁን ከወደቀ፣ ካርዱን ስገለብጥስ? ያኔም ወፍጮው ይሠራ ነበር። ድምፅ ሳያሰማ ተሳስቶ ቢሆንስ?

በዚያች ደቂቃ ካርዱ ገና መንገድ ላይ ነው፤ ምናልባት ስሪንቃን አልፎ ይሆናል። ለጋሼ ደውዬ "ካርዱን እንዳትነካው" ብለው በቂ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር። ስልኩን አንስቼ ስሙን አውጥቼ አየሁት። ለምን ሲለኝ ምን እላለሁ? ኮምፒውተርህን ሳላስፈቅድህ ነካካሁት እላለሁ? መጀመሪያ ፋይሎቹን ልያቸው አልኩ። ሁሉም ደህና ከሆኑ መደወልም አያስፈልገኝም።

ፍጥነቱንና ቮልቴጁን ወደ ፋብሪካው ልክ መለስኩ። ከዚያ ከአንደኛው ፋይል ጀምሬ ማየት ያዝኩ። የጭፈራው፣ የእልልታው፣ ሙሽራዋ ጫማ ስታደርግ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳልዘል። ጥንቃቄ ይመስል ነበር። ንግግሩ ሠላሳ ስምንተኛው ፋይል መሆኑን አውቃለሁ፤ ለምን ከእሱ አልጀመርኩም? ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም።

አሥራ አራተኛው ላይ ምስሉ ለአንድ አፍታ ተቆራርጦ ተመለሰ። ጭፈራ ስለሆነ ማንም አያስተውለውም። ቀጠልኩ። ሠላሳ ስምንተኛው ላይ ስደርስ አራት ሰዓት አልፎ ነበር።

እናትየው ጓዳው ውስጥ ከረጢት ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ካሜራውን ሳይሆን ከካሜራው በላይ ያለውን ነገር ያያሉ። ይናገራሉ። አራት ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ላይ ፊታቸው በአረንጓዴ ካሬዎች ተሸፈነ፣ ድምፃቸው እንደ ብረት ተንጫረረ፣ ቆመ። ወደ ፊት ባስኬደው አይሄድም። በሌላ ፕሮግራም ብከፍተው እዚያው ይቆማል። ከሁሉም የሚረዝመው ፋይል እሱ ስለነበረ ስህተቱ ሊያገኘው የሚችልበት ቦታም ብዙ ነበር።

ያን ጊዜ ደወልኩ። አያነሳም። በሦስተኛው አነሳ፤ ከኋላው ከበሮ ይሰማል።

ካርዱ ደርሶታል። አጥፍቶት ከግማሽ በላይ ሌላ ሰርግ ቀርጾበታል። "ምነው?" አለኝ።

የእናትየው ንግግር መበላሸቱን ነገርኩት። እንዴት እንደተበላሸ አልነገርኩትም፤ እሱም ከበሮው መሐል ስለነበር አልጠየቀኝም። ስንት ደቂቃ እንደተረፈ ጠየቀኝ። አራት ስለው አልደነገጠም።

"አራት ደቂቃ ምን አነሰው? እዚያ ላይ ቁረጪውና ዘፈን አስገቢበት። ማን ያውቃል?"

ከዚያ ድንገት ትዝ እንዳለው ሆኖ፣ ልጅቱ የምታየው በስልክ ስለሆነ የምስሉን ጥራት አንድ ደረጃ ዝቅ ባደርገው በግማሽ ጊዜው እንደሚያልቅልኝ ነገረኝና ዘጋው። ማክሰኞ ዕለት ደውዬለት ቢሆን ኖሮ ይህንኑ ነበር የሚለኝ።

እንዳለው አደረግሁ። ጥራቱን ዝቅ አደረግሁት፤ ንግግሩን አራተኛው ደቂቃ ላይ ቆርጬ ከሥሩ የአምባሰል ዜማ አስገባሁበት። ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ፊልሙ አለቀ፤ መብራት የሄደው ፍላሹን ከነቀልኩ በኋላ ነው። ከፍቼ ሳየው ያማረ ነበር። እናትየው ይናገራሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ዜማው ይነሳል፤ የተናገሩት እዚያ ላይ ያለቀ ይመስላል። ልጃቸው ንግግሩን ከዚህ በፊት ስላልሰማች የጎደለውን አታውቅም። እናትየውም ፊልሙን የሚያዩበት ነገር የላቸውም። ጋሼ እውነቱን ነው፤ ማን ያውቃል?

የተረፈውን አራት ደቂቃ ስልኬ ላይ ጭኜው ስለነበር ቤት ሄጄ ደግሜ ደጋግሜ ሰማሁት። የሚሉት ይህን ነበር። እህትሽ ዛሬ ወጣች፤ ቤቱ ባዶ ሆነ። ያንቺን አልጋ ማንም አልተኛበትም፤ እንግዳ ቢመጣም መሬት እናነጥፍለታለን። ጠይም ላማችን ሞተች፤ አልነገርንሽም ነበር። በስልክ ስንገናኝ እኔ ቶሎ የምዘጋው ወሬ ጠልቼ እንዳይመስልሽ፤ ድምፅሽ ሲመጣ የምለው ይጠፋኛል። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም ይላሉ። ከዚያ እንዲህ ይላሉ፤ አንቺን የሸኘሁ ቀን አላለቀስኩም። ሰው ሁሉ አልቅሶ እኔ ብቻ ደረቅሁ። አይተሽኛል፤ መኪናው ውስጥ ሆነሽ ስታዪኝ አይቻለሁ። ያላለቀስኩበትን ምክንያት ዛሬ ልንገርሽ።

አረንጓዴው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

አክስቴ ምን ሆነሻል አለችኝ፤ ራሴን አሞኛል አልኳት። ፍላሹን አርብ ጧት መንገደኛዋ ሳትወጣ አደርሳለሁ ብዬ ለእናትየው ልኬባቸው ነበር። ያስፈራኝ የሳቸው ቁጣ ብቻ አልነበረም። መንገደኛዋ የምትነሳው ከእሳቸው ቤት ነው፤ በሸኚ እንደሚሞላ አውቃለሁ። ሰው በተሰበሰበበት ቤት ገብቼ ደህና አደራችሁ ማለት እንኳ የሚከብደኝ ሰው ነኝ። በር ላይ ሰጥቶ መመለስም ይቻላል። ካሜራው ባትሪ ጨርሶ ነው ማለትም ይቻላል። እያንዳንዱን ውሸት አንስቼ ሞከርኩት፤ ሁሉም ይሠራ ነበር። ግን የትኛውንም ይዤ ብሄድ፣ አንዲት ሴት እናቷ ለምን እንዳላለቀሰችላት ሳታውቅ ትቀራለች፤ እናቷ ደግሞ ነገርኳት ብላ ትኖራለች።

አርብ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣሁ።

ቤቱ እንደፈራሁት ነበር። መንገደኛዋ ሻንጣ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ሁለት ሴቶች በርበሬና በሶ በላስቲክ እያሰሩ ሌላ ሻንጣ ውስጥ ይጠቀጥቃሉ፤ ወንዶቹ በረንዳው ላይ ቆመዋል። እናትየው ጓዳው በር ላይ ነበሩ። ፍላሹን ሰጠኋቸው። አመስግነው ወደ መንገደኛዋ ሊያቀብሉት እጃቸውን ሲዘረጉ ተናገርኩ።

"ንግግርዎ አልተሟላም። ተበላሽቷል።"

በርበሬ ከሚያስሩት አንዷ፣ ማሽን አይደል የሚያበላሸው፣ የኔ ስልክ ስንቱን ፎቶ በልቶብኛል እያለች ልታድነኝ ሞከረች።

"ማሽኑ አይደለም። እኔ ነኝ" አልኩ። "ቶሎ እንዲደርስ ብዬ ከአቅሙ በላይ አስሮጥኩት። ካርዱንም ሳላይ ለቀቅሁት።"

እናትየው ፊታቸው አልተለወጠም። በፊልሙ ላይ እንዳየኋቸው ከራሴ በላይ ያለ ነገር ያዩ ነበር።

"ስንት ተረፈ?"

"አራት ደቂቃ።"

"ከስንት?"

"ከአሥራ አንድ።"

በረንዳው ላይ ያለ አንድ ሰው መኪናው ሊሄድ ነው ሲል፣ ይቁም አሉት፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

"ያን ዕለት ያልኩትን እኔም አላስታውሰውም፤ አፌ ነው የተናገረው" አሉ። "አንቺ ሰምተሽዋል?"

አዎ አልኩ፤ አራቱን ደቂቃ።

"እስቲ በይው።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ፊቴ ጋለ። አሥር ያህል ሰው ያየኛል። መሬት መሬት እያየሁ፣ እህትሽ ዛሬ ወጣች፣ ቤቱ ባዶ ሆነ፣ ብዬ ጀመርኩ። ድምፄ አይሰማም መሰለኝ፤ መንገደኛዋ ከሻንጣው ላይ ተነስታ ቀረብ አለች። አልጋውን አልኩ። ላሚቱን አልኩ። በስልክ ቶሎ የሚዘጉበትን ስናገር አንዷ ሴት በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። ሳልዘል፣ ሳልጨምር፣ እሳቸው ዝም ያሉበት ቦታ ላይ እኔም ዝም አልኩ። ያላለቀስኩበትን ምክንያት ዛሬ ልንገርሽ፣ አልኩና ቆምኩ።

"እዚህ ላይ ነው" አልኳቸው።

እናትየው ፊልሙ ላይ ያየሁት ከረጢት ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። በስልኬ እንድቀርጻቸው በዓይናቸው አሳዩኝ፤ በሁለት እጄ ይዤ መቅረጽ ጀመርኩ።

"መንገደኛ በእንባ አይሸኝም ብለውኝ ነው" አሉ። "ያን ቀን ፊቴን ያደረቅሁት ላንቺ መንገድ ብዬ ነው።"

ከዚያ በኋላ ያሉትን እዚህ አልጽፈውም፤ የልጃቸው ነው። ሲጨርሱ ቀረጻውን አቆምኩ። በረንዳ ወጥቼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት፤ ወንዶቹም ጠበቁኝ። ወደ መንገደኛዋ ስልክ ላክሁት፤ እዚያም ላይ ከፍቼ እንደገና እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ከዚያ ስልኳን መለስኩላትና፣ ከሻንጣዎቿ አንዱን ተሸክሜ እስከ መኪናው ሸኘኋት። ጋሼ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ከሐራ እንደሚገባ ነግሮኝ ስለነበር ከዚያው ወደ ፎቶ ቤት ሄድኩ፤ ረቡዕ ዕለት የጻፍኩበትን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት፤ ሁሉንም ልነግረው ተቀምጬ ጋሼን ጠበቅሁ።